ሳትቀመጥበት የማትሠራው ደብሬ

የደብሬን መሞት ያረዳችኝ ሱዳናዊት ጎረቤቷ ናት። ጠዋት በሬን አንኳኳች፤ ጭቃ የያዘ ጫማዋን ደጃፉ ላይ አወለቀች፤ የተከናነበችውን ቶብ ወደ አገጯ ሰብሰብ አድርጋ ቆመች። እንደ ሱዳን ወግ ሰላምታውን አስረዘመችው፤ ስለ ጤናዬ ጠየቀች፣ ስለ ቤቴ ጠየቀች፣ ጣሪያዬ ያፈስ እንደሆነ ጠየቀች። «ኻላ ደብሬ ዐረፈች» ያለችኝ ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ኻላ በነሱ ቋንቋ አክስት ማለት ነው። ለምን ወደ እኔ እንደመጣች ሳልጠይቃት ራሷ ነገረችኝ፤ ከደብሬ ቤት ሲገባና ሲወጣ ያየችው ሐበሻ እኔን ብቻ ነው።

የሱዳኑ ገዳሪፍ ከተማ ያገራችን ሰው ሞልቶበታል። ደብሬ የጠገነችው ወንበር ወይም ሶፋ የሌለበት የሐበሻ ቤት ጥቂት ነው። መርዶ የሚነገረው ሰው ሲፈለግ ግን የተገኘው የኔ ቤት ብቻ ሆነ።

ባሌን ከቀበርኩ ወዲህ እጄ ለመጻፍ ይከብደዋል። አንድ ገጽ እጽፍና ቀናት አሳርፈዋለሁ። ቢሆንም ስለ ደብሬ የሚጽፍ ሌላ ሰው ስለማላውቅ እጽፋለሁ።

ደብሬ ያረጀ የቆዳ ዕቃ ታድስ ነበር። የተሰነጠቀ ሶፋ፣ ክንዱ የተላጠ ወንበር፣ ጠፍሩ የላላ አልጋ። ሱቅ አልነበራትም፤ ሥራዋ በየሰው ቤት ነው። አጭር፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ አረማመዷ ዝግ ያለ ሴት ነበረች። መዳፎቿ እስከ አንጓዋ ድረስ ቀይ ዳማ ናቸው። እንሶስላ የሞቀች የሚመስለው ሰው ነበር፤ ቀለሙ ግን ቆዳ ከሚለፋበት የግራር ፍሬ የመጣ ነው፤ በሳሙና አይለቅም። ከሸራ ከረጢቷ ውስጥ ወስፌ፣ ቆልማማ መርፌ፣ ሰም፣ በጣሳ የተቀመጠ የበግ ሞራ፣ ያ ቀይ ውኃ በጠርሙስ፣ ታጥቦ የተጣጠፈ የጥጥ ጨርቅ አይጠፋም። ደግሞ አንድ የራሷ ኩባያ።

ዕቃ ከቤት አስወጥታ አትወስድም። በሪክሻ ጭነው ሊያመጡላት የሞከሩ ነበሩ፤ «በሽተኛ የሚጠየቀው ከተኛበት ነው» ብላ መለሰቻቸው። ሌላው ልማዷ ሳትቀመጥበት አለመሥራቷ ነው። የተጠራችበትን ወንበር ገና ስታየው ትቀመጥበታለች። እንደ እንግዳ ጫፉ ላይ አይደለም፤ ጀርባዋን አስደግፋ፣ ክርኖቿን በክንዱ ላይ አሳርፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ነው። የት እንደጎደጎደ፣ ከሥር የትኛው እንጨት እንደላላ የምታውቀው እንደዚያ ነበር። ከዚያ ትነሳና ባለቤቱን ትጠይቃለች።

«ለመቀመጥ ነው ለማየት?»

ለማየት ነው ካሏት ከረጢቷን ታነሳለች። አንድ የሰሊጥ ነጋዴ የእንግዳ ክፍሉን ሶፋ ላስቲክ አልብሶት ኖሮ፣ በክረምቱ ከላስቲኩ ሥር ቆዳው ሻግቶ አስጠራት። ሰው እንዳያበላሸው ብዬ ነው አላት። «እንግዲያውስ የኔ ሥራ የለም፤ ላስቲኩን እጠቡት» ብላው ወጣች። በኋላ ላስቲኩን ገፎ፣ ልጆቹን ላዩ ላይ ደርድሮ አስጠራት ይባላል። ቆዳ የሰው ገላ ካልነካው ይሞታል ትል ነበር፤ ሰው ግን የሚያረጀው በመቀመጥ ይመስለዋል።

ይህ የመቀመጥ ልማዷ በሱዳኖቹ ቤት ከቁም ነገር አይቆጠርም። በእኛ ሰዎች ቤት ግን ትልቅ ነገር ነበር።

ለማያውቅ ልንገር። እኔ በተወለድኩበት በጎንደር ገጠር ቆዳ የሚያለፋ ሰው ፋቂ ይባላል። ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል ይሉታል። ባለፋው ጀንዲ ላይ ይተኛሉ፣ በጠፍሩ አልጋቸውን ይጠፍራሉ፤ ከእሱ ጋር ግን ካንድ ገበታ አይቀርቡም፣ ልጁንም አያገቡም። የደብሬ አባት ከጭልጋ በታች ቆዳ አልፊ ነበር። በረሀቡ ዘመን በመተማ በኩል ሲሰደዱ እሷ ገና ልጅ ናት። ኡም ጋርጉር መጠለያ ውስጥ አደገች፣ እዚያው አገባች፣ ልጅ ሳትወልድ ባሏ ሞተ። እዚያም ቢሆን የስንዴ ሰልፍ ላይ የማን ልጅ እንደሆነች የሚያውቅ አልጠፋም። «ሰው ድስቱን እንኳ ጥሎ ሲሸሽ ይቺን ወሬ ግን ተሸክሞ ድንበር ተሻገረ» አለችኝ አንድ ቀን፣ እየሳቀች።

ስለዚህ የእኛ ሴቶች ደብሬ ስትመጣ ወንበሩ ላይ አሮጌ አንሶላ ያነጥፋሉ። እሷ አንሶላውን ታነሳለች፣ አስተካክላ ታጥፈዋለች፣ ለባለቤቲቱ ትሰጣታለች፣ ትቀመጣለች። ሠርታ ስትሄድ ወንበሩን በሳሙናና በብዙ ውኃ የሚያጥቡ ነበሩ። እንደዚያ የታጠበ ቆዳ በገዳሪፍ ፀሐይ ሲደርቅ እንደ በጋ መሬታችን ይተረተራል። ተመልሰው ይጠሯታል። ትመጣለች፣ ትቀመጣለች፣ «ታጥቧል» ትላለች። ሌላ ነገር አትጨምርም፤ እንደገና ሠርታ ትሄዳለች። አንዷ ቤት በዚሁ ምክንያት ደጋግማ ተመላልሳለች። ሴትየዋ ማጠቡን አልተወችም፤ ደብሬም መመለሱን አልተወችም።

በዕድሜ ብዙ የሚያንሷት ሴቶች እንኳ እትዬ አይሏትም ነበር። ባዶውን «ደብሬ» ነው። አክስት ያደረጓት ሱዳኖቹ ናቸው።

እኔ ያወቅኋት በባሌ ወንበር ነው። ባሌ ዕድሜውን በመጠለያ ትምህርት ቤት ያስተማረ ሰው ነበር፤ ወደ ከተማው የገባነው ዘግይተን ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ተዘግቶ ዕቃውን ሲሸጥ ቡናማ የቆዳ ወንበር ገዝቶ በአህያ ጋሪ አስጭኖ መጣ። ከዚያ በኋላ እህል የሚበላው፣ መጽሐፍ የሚያነበው፣ ከእኔ ጋር የሚኳረፈው ሁሉ እዚያ ላይ ሆነ። የሞተ ጊዜ ወንበሩን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። አንድ በጋ እንዲያ ቆየ። በኋላ ብመልሰው ቆዳው ነጣ ብሎ፣ ክንዱ ተሰነጣጥቆ አገኘሁት።

እትዬ ሙሉ የሰሊጥ ዘይት ቀቢው አሉኝ። እትዬ ሙሉ የሴቶች የማርያም ማኅበራችን ሙሴ፣ ማለት መሪያችን ናቸው፤ ቤታችንም አይራራቅም። በገዳሪፍ የሰሊጥ ዘይት የማይቀባ ነገር የለም፤ ራስ ሲፈልጥ፣ ልጅ ሲያሳክከው፣ የበር ማጠፊያ ሲጮህ። እኔም ጠርሙስ ሙሉ አጠጣሁት። ዘይቱ አልገባም፤ ላዩ ላይ ተለጥፎ የመንገዱን አቧራ ሁሉ ሰበሰበ፤ ቀጥሎ ጉንዳን መጣ።

እትዬ ሙሉ ይህን ሲያዩ፣ ደብሬ የምትባል አለች፣ እጇ መልካም ነው አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የቀረውን ነገሩኝ። ከእሷ ቤት የመጣ ነገር እንዳልቀምስ፣ ስትመጣም አንሶላ እንዳነጥፍ መከሩኝ። ክፉ ሴት አይደሉም፤ የነገሩኝ ልጄን እንዳይበርዳት እንደሚል ሰው ሆነው ነው።

አንሶላ አላነጠፍኩም። ግን ደብሬ ገብታ፣ ሰላም ብላ፣ ወንበሩን ዞራ አይታ ልትቀመጥበት ስትል «ቆይ» የሚል ቃል ካፌ አመለጠኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ማንም አልተቀመጠበትም፤ እኔም አልተቀመጥኩበትም። ደብሬ ጉልበቷ እንደታጠፈ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ላይ ቁጣ አልነበረም። የለመደ ሰው ዓይን ነበር።

«አንሶላውን አምጪዋ» አለች። «እኔ ማንሳቴ ላይቀር።»

«አንሶላ አይደለም። የሟች ነው፣ ከእሱ ወዲህ ማንም አልተቀመጠበትም።»

«ሁሉም ምክንያት አለው፣ እታለም።»

እውነቱን ነግሬያታለሁ፤ እውነቱ ግን ከሰማችው ሰበብ ሁሉ ጋር ይመሳሰላል። ስለዚህ አልፌያት ሄጄ ራሴ ተቀመጥኩ። ምን ሊሆን እንደሚችል አላሰብኩም። ቆዳው ከሥሬ ሲጮህ፣ ጎድጓዳው ሲቀበለኝ፣ ከቀብሩ ዕለት ጀምሮ ቆሞብኝ የነበረው ዕንባ መጣ። ደብሬ ከረጢቷን አስቀመጠች። አይዞሽ አላለችም። እስካበቃ ጠበቀችና፣

«ተነሺ እንግዲህ፤ ተራው የኔ ነው» አለች።

ተነሣሁ። ተቀመጠች፣ ዓይኗን ጨፈነች። ቆየች።

«ወደ ግራ ያጋድል ነበር። በግራ በኩል ምን ነበረ?»

«እኔ» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ የማይቀረውን ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ ለመቀመጥ ነው ለማየት አለችኝ። ሻይ ልጥድ ወደ ምድጃው ዞርኩ። ከረጢቷን ግን አላነሳችም።

የዚያን ዕለት ሻይ ሳፈላ ከከረጢቷ ያንን ኩባያ አወጣች። ሰው ቤት ኩባያ አልበክልም ብላ አይደለም፤ እሷ የጠጣችበትን ሲሰብሩት ስላየች ዕቃው ያሳዝናታል። እኔ በራሴ ኩባያ ቀድቼ ሰጠኋት። ለጥቂት ጊዜ ይዛው ቆየች። ከዚያ የራሷን ኩባያ በጨርቅ ጠቅልላ ወደ ከረጢቷ መለሰችው።

ሥራው ረጅም ነበር። መጀመሪያ የማሽላ ዱቄት አምጪ አለችኝና ወንበሩን እንደ ሊጥ ገበታ አለበሰችው። ዱቄት ሲደፋ ማየት በረሀብ ለመጣ ሰው ከባድ ነው። እሷም አውቃለች፤ በተቻላት መጠን በትንሹ ነሰነሰች። ዱቄቱ ዘይቱን ጠጥቶ ሲጠቁር አራገፈችው፤ ሌላ ጨመረች። ከዚያ የሳሙና አረፋ ብቻ በጨርቅ ይዛ እንደ ሕፃን ፊት ጠረገችው። ራኩባ ከሚባለው የደጅ ዳስ ጥላ ሥር አደረቀችው፤ ፀሐይ እንዳይነካው በቀን ውስጥ ደጋግማ ቦታውን ትለውጥ ነበር። ስንጥቁን ከላይ አልለጠፈችም። የጀርባውን ስፌት ፈትታ፣ እጇን ወደ ውስጥ አስገብታ፣ ስስ የፍየል ቆዳ ከሥር አጎናጸፈችው፤ የግራር ሙጫ በጥቂት ማር አለስልሳ አጣበቀችው። ያንን ቀይ ውኃ ቀብታ ታደርቃለች፣ ቀብታ ታደርቃለች፤ ቀለሙ ቀስ በቀስ ከአሮጌው ጋር ተዋወቀ።

ጎድጓዳውን አልሞላችውም። ከሥሩ የላላውን ጠፍር ብቻ አጠበቀችና ተወችው። ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም።

የመጨረሻው ሥራ የእሷ አይደለም። ሞራውንና ሰሙን አብራ አቅልጣ፣ ለብ ሲል ጣሳውን ለእኔ ሰጠችኝ። በጨርቅ አይሆንም አለችኝ፤ በመዳፍ ነው፣ ያውም በባለቤቱ መዳፍ። ከክንዱ ጀመርኩ። እሷ መሬት ላይ ተቀምጣ «እዚያ ጋ ዘለልሽ» ትለኝ ነበር። ቆዳው መጀመሪያ እንደ ደረቀ ተረከዝ ነው፤ ቆይቶ ይሞቃል፣ ይላላል፣ እጅ ይይዛል። ይህን የምጽፈው እዚያው ላይ ሆኜ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለ ሥራም ትመጣ ጀመር። እኔም ሥራ ስትሄድ እከተላታለሁ። ጦርነቱ ኻርቱምን ካፈረሰ ወዲህ ገዳሪፍ በተፈናቃይ ተጨናንቋል። ከዚያ ሁሉ ንብረታቸው አንድ ሶፋ ብቻ በጭነት መኪና ያተረፉ ሰዎች አሉ። ሲት ነፊሳ የምትባል ሴት እንዲህ ነበረች፤ ሶፋዋ የታሰረበት ገመድ በልቶት፣ ዝናብ አግኝቶት፣ ኪራይ ቤት ውስጥ ተተክሏል። ደብሬ ገብታ ሳትጠየቅ ተቀመጠች። ሲት ነፊሳም ከጎኗ ተቀመጠች። ሁለቱ ሶፋው ላይ ሆነው ስለ ኻርቱም ቤት ብዙ አወሩ። ምሳ ሲደርስ አንድ ትሪ መጣ፤ «ተፈደሊ፣ ያ ኻላ»፣ ኑ ብሉ አክስቴ፣ ብላ ሲት ነፊሳ የደብሬን ክንድ ይዛ ወደ ትሪው ሳበቻት። የቤቱ ሰው ሁሉ ካንድ ሳህን በላ፤ ያ ቀይ እጅ ከሁሉም እጅ ጋር ገባና ወጣ።

ስንመለስ መንገድ ላይ፣

«ሱዳኖቹ ያበሉኛል» አለች። «ያገሬ ሰዎች ያሠሩኛል።»

የምትፈልገውን ነገር ያወቅኩት ከዚያ ቀን ጥቂት ቆይቶ ነው። የማኅበራችን ጽዋ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ሸክላ ነው ወይስ ቆርቆሮ፣ ክዳን አለው ወይስ የለውም። ማኅበርተኞች በየወሩ በማርያም ዕለት በተራ ካንዷ ቤት እንሰበሰባለን፤ እንጸልያለን፣ እንበላለን፣ ጽዋውን ለተረኛዋ አስረክበን እንበተናለን። ደብሬ በዚያ ጽዋ ዙሪያ የሚቀመጡትን ሴቶች ወንበር ሁሉ በእጇ ታውቀዋለች። ጽዋውን አይታው አታውቅም። ከዓመታት በፊት አስገቡኝ ብላ ጠይቃ ነበር፤ ቦታ ሞልቷል አሏት። ማኅበር ግን አይሞላም፤ ይህን እሷም ታውቃለች። የምትፈልገው የእኛን ቤት መብላት አልነበረም። ሰው መጥቶ እቤቷ እንዲበላላት ነበር የምትፈልገው። ለባሏ ተዝካር ያወጣችውን ማንም ሳይቀምሰው ለጎረቤት እስላሞች እንዳከፋፈለችው የነገረችኝም ያኔ ነው።

በሚቀጥለው ማርያም ጉዳዩን አነሳሁት። ጫጫታ ሆነ። አንዷ፣ ደብሬ ሶፋዬን ሠርታ ከሄደች በኋላ ሆዴን ሲቆርጠኝ ሰነበተ አለች። ከጎኗ ያለችው ደግሞ፣ የቆረጠሽ ጾሙ ሲፈታ ብቻሽን የጨረስሽው ሥጋ ነው ብላ ሁሉን አሳቀች። ሳቁ ጥሩ መሰለኝ። እትዬ ሙሉ ግን አልሳቁም። ሲከራከሩ ውለው መላ አገኙ፤ ትግባ፣ ተራዋ ሲደርስ ግን ድግሱ የሚዘጋጀው በእኔ ቤት፣ በእኔ ዕቃ ይሁን ተባለ። ስሙ የእሷ፣ ምግቡ የኔ። ብዙዎቹ በዚህ ቸርነት ደስ ብሏቸው ወደየቤታቸው ሄዱ።

ለደብሬ ስነግራት መርፌ እያሾለች ነበር። ማሾሏን አላቆመችም።

«እሱማ ያው አንሶላው ነው» አለች።

ከዚያ መርፌውን አስቀመጠችና፣ በሚመጣው ማርያም እቤቴ ዝክር አለኝ፣ የመጣ ይምጣ ብለሽ ንገሪያቸው አለችኝ። ነገርኳቸው። እንመጣለን ያሉኝ ነበሩ። ኢንሻአላህ ያሉኝም ነበሩ፤ ክርስቲያን ሴቶች ነን፣ ግን ለማናደርገው ነገር ያችን ቃል ከሱዳኖቹ ተውሰናል።

የደብሬ ቤት አንድ ክፍልና ከፊቱ ራኩባ ነው። የሰው ሶፋ ስታድስ የኖረች ሴት ከጠፍር አልጋ በቀር መቀመጫ አልነበራትም። ለዚያ ቀን ግን ሱዳኖቹ በንበር የሚሉትን ዝቅተኛ መቀመጫ፣ ገመዱ የተበጣጠሰውን፣ ከገበያ እየለቀመች ሰበሰበች። ገመዱን ገፈፈች፣ ቆዳ ወጠረችበት፣ ቀባችው፣ በሰም ወለወለችው። እያንዳንዱ ባለቤት ነበረው። የእትዬ ሙሉን ከፍ አደረገችው፤ ሶፋቸው ላይ ስትቀመጥ ወገባቸውን እንደሚያማቸው አውቃ ነበር። ያቺ ሆዴን ቆረጠኝ ያለችው ወፍራም ስለሆነች የእሷን ድርብ ቆዳ አለበሰችው። ማን እንዴት እንደሚቀመጥ ከራሳቸው ይልቅ ታውቃለች።

በማርያም ዕለት በጊዜ ሄድኩ። ዳቦው ተቆርሷል፣ የአተር ክኩ ወጥ ተዘጋጅቷል፣ በንበሮቹ በራኩባው ሥር ክብ ሠርተዋል። ተቀምጠን ጠበቅን። በመንገዱ የሰው ድምፅ ሲሰማ ደብሬ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ድምፁ ያልፋል። የዶካ አውቶቡስ ጥሩንባውን እየነፋ ሄደ፤ ፀሐይዋ ከራኩባው ወዲያ ማዶ ተሻገረች፤ ዳቦው ላይ ያለበስነው ጨርቅ ከዝንብ በቀር የነካው የለም። ምናልባት ዝናቡን ፈርተው ይሆናል አልኳት። ሰማዩ ላይ ደመና አልነበረም።

ከዚያ ደብሬ ተነሣች። ካንዱ በንበር ላይ ተቀመጠች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ተነሣች። ወደሚቀጥለው ሄደች። እንዲህ እያለች ክቡን ዞረችው፤ የእትዬ ሙሉ ላይ ከሌሎቹ ይልቅ ቆየች።

«ሁሉም ደኅና ናቸው» አለች።

ሁለታችን በላን። ስለ ሌላ ነገር አወራን፤ ምን እንደነበረ አላስታውስም። የተረፈውን ለጎረቤቶቿ አደረሰች።

ተናድጄ ማኅበሩን እተዋለሁ ስላት ቆጣ አለች፤ ማርያምን ከሴቶቹ ጋር አትደባልቂ አለችኝ። ራሷም በሚቀጥለው ሳምንት እትዬ ሙሉ ቤት ሄደች፤ የሶፋቸውን ክንድ ልትሠራ ቀጠሮ ነበራት። እንዴት ትሄጂያለሽ ብላት፣

«ሶፋው ምን አጠፋ?» አለችኝ።

በንበሮቹን ለአውቶቡስ መናኸሪያዋ ሻይ ሻጭ ሰጠቻት። ወደ ዶካ የሚሄድ መንገደኛ ሁሉ ዛሬ እዚያ ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል።

በዚህ ክረምት ትኩሳት ያዛት። የከተማው ሰው ሁሉ የታመመበት ጊዜ ስለነበር፣ እኔም ጭቃው መንገዱን ዘግቶብኝ ስለሰነበትኩ አልሰማሁም። ጎረቤቷ ሐኪም ቤት ወስዳት ነበር፤ ሻል ብሏት ተመለሰች፤ ከዚያ በተኛችበት አለፈች። ይህ ነው። ስለ ሞቷ የምጨምረው የለኝም።

ቀብሯ ላይ ያልመጣ አልነበረም። የማኅበራችን ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ በዚያ ጭቃ ውስጥ እየተንሸራተቱ መጡ። አለቀሱም። የውሸት ለቅሶ አልነበረም፤ የውሸት ለቅሶ አውቃለሁ። እትዬ ሙሉ «እጀ ወርቋ፣ እትዬ ደብሬ» እያሉ ደረታቸውን መቱ። ሌሎቹም እትዬ ደብሬ አሉ። ካህኑ ፈቱ፣ አፈር ተመለሰ።

ከቀብር የተመለሰ ሰው እጁን ታጥቦ ከለቅሶው ቤት ንፍሮ ሳይቀምስ አይሄድም። ሌላ ዘመድ ስላልነበራት ያንን የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። ጠዋት ወደ ቀብሩ ከመሄዴ በፊት ከቤቷ ስንዴ አገኘሁ፤ በድስቷ፣ በምድጃዋ ቀቅዬ፣ ለጎረቤቷ አደራ ብዬ ነበር። ስንመለስ ሴቶቹ በደጃፉ ተራ በተራ እጃቸውን ታጠቡ። እኔ ትሪውን ይዤ ወጣሁ። እንፋሎቱ ገና አልበረደም ነበር።

እትዬ ሙሉ ከፊት ነበሩ። እጃቸውን ዘርግተው ሰበሰቡት።

«የት ነው የተቀቀለ?» አሉኝ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ አድርገው።

እኔ ቤት ብል ይበላል። ሁሉም ያለ ሐሳብ ዘግኖ፣ ነፍስ ይማር ብሎ ይሄዳል። ዓይናቸው ራሱ እንደዚያ በይ እያለ ይለምነኛል። ለእኔም ቀላል ነበር፤ ለደብሬ ግን ያ የመጨረሻው ዕድሏ ነው፤ ከእንግዲህ እቤቷ የሚበላ ድግስ የለም።

«እዚሁ ነው፣ እትዬ ሙሉ። በእትዬ ደብሬ ድስት፣ በእትዬ ደብሬ ስንዴ።»

ድምፄን ዝቅ አላደረግኩም። ሁሉም ሰማ። ከኋላ ያሉት ነጠላቸውን ነካካ አደረጉ። እትዬ ሙሉ ትሪውን አዩ፣ እኔን አዩኝ። ከዚያ እጃቸው መጣና አንድ እፍኝ ዘገኑ። «እግዜር ያጽናሽ» አሉኝ፣ ለእህቷ እንደሚባለው። እሳቸውን አይታ ተከታይዋ ዘገነች፤ ከዚያ የምትቀጥለው፣ ከዚያ የምትቀጥለው። ትሪው ተራቆተ። እግዜር ያጽናሽ፣ እግዜር ያጽናሽ እያሉ፣ እጃቸውን ጨብጠው ወጡ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ደስ አለኝ። በለቅሶ ቤት ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ድስቱን አጥቤ፣ ቤቱን ለጎረቤቷ አስረክቤ ስወጣ ገና ብርሃን ነበር። ከደጃፉ ጥቂት እልፍ እንዳልኩ ጥቁሩ ጭቃ ላይ አንድ ነገር ነጣ ብሎ አየሁ። ጎንበስ አልኩ። የተቀቀለ ስንዴ ነው። ትንሽ ወረድ ብሎ ሌላ አለ፤ ከአጥሩ ሥር፣ ከጎርፉ ቦይ ዳር፣ ሪክሻ ከሚቆምበት። እንደተጨበጠ የወደቀም አለ፣ የጣት ቅርጽ ሳይለቅ። ርግቦች ወርደው ይለቅሙት ነበር። ቀና ሳልል ተከተልኩት።

መንገዱ ከሚከፈልበት ስደርስ ወደ ማኅበርተኞቹ ቤቶች በሚወስደው ሁሉ ጥቂት ጥቂት አየሁ። ወደ እትዬ ሙሉ ቤት በሚያስገባው ግን አላየሁም። አላመንኩም፤ ታጠፍኩ። ቦዩ ውስጥ ጥለውት ሊሆን ይችላል፤ በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረውት ገብተው ሊሆን ይችላል። መሬት መሬቱን፣ ግራና ቀኙን እያየሁ እስከ ደጃፋቸው ሄድኩ። አንዲት ፍሬ አልወደቀም። ከውስጥ የሰው ድምፅ ይሰማል፤ መብራት በርቷል። በሩ ፊት ጥቂት ቆምኩ፤ ሳላንኳኳ ተመለስኩ።